አሮጊቷ ስትወጣ የሚሰፋው ቤት

መስከረም 14

ለእህቴ ልጅ ለፊሽካ፣

«አሮጊቷ ስትወጣ ቤቱ በእጥፍ ይሰፋል» ሲል ሰማሁት። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬን ይቅር በለኝ። ሰውየው ፖስታ ቤቱ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት፣ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ በስልክ ሲያወራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆኜ ስሠራ ብዙ የሳይንስ መጽሐፍ አልፎብኛል። ብረት በሙቀት እንደሚሰፋ አውቃለሁ። ቤት በአሮጊት መውጣት እንደሚሰፋ ግን የትም አላነበብኩም። ዞር ብዬ «አሮጊቷ ምን ያህል ብትወፍር ነው?» አልኩት።

ስልኩን ዘጋና «እማማ፣ ቤት ፈላጊ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ለካ ደላላ ነው። አንተ «የማይዋሽ ደላላ ይፈልጉልኝ» ብለህ ከጻፍክልኝ ወር ሊሞላ ነበር። የማይዋሸው ስላልተገኘ እሱን ያዝኩ።

እንግዲህ ሰላምታው፦ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ሰው በሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ አንተ ከሥሩ ተንጠልጥለህ ስትጠግን ይታየኛል። እግዜር የያዝከውን ገመድ ያጥብቅልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደላላውን «መቶ በመቶ» ብዬዋለሁ። ውሃ አለው? «መቶ በመቶ።» የባለቤትነት ካርታው ንጹህ ነው? «መቶ በመቶ።» ጣሪያው ያፈሳል? ብለው፣ ሳያስበው «መቶ በመቶ» አለኝ። እስካሁን ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነችው እሷ ብቻ ናት። ትናንት ሦስት መኝታ ያለው ነው ብሎ ወስዶኝ ሁለት ቆጠርኩ። ሦስተኛውስ? ስለው የቆምንበትን ኮሪደር አሳየኝ። «የደከመው ሰው የትም ይተኛል» አለ።

ደላሎች ደግሞ አድራሻ አይናገሩም። አድራሻውን ካወቅህ ነገ ብቻህን ሄደህ ከባለቤቱ ጋር ትጨርሳለህ፣ የእነሱ ኮሚሽን ሜዳ ላይ ይቀራል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ሁለት ታክሲ ያሳፍሩሃል፣ በቅያስ በቅያሱ ያዞሩሃል፤ ግራና ቀኝህ ሲጠፋህ «ደረስን» ይሉሃል። ትናንት አንዱን ዳቦ ቤት ሦስት ጊዜ አልፈነዋል። በሦስተኛው ሻጩ ሰላም አለኝ።

መልስህን እንደ ወትሮው በፖስታ ሣጥኔ ላክልኝ። ስልክ ይቅር። በስልክ የተባለ ነገር አራሚ የለውም።

እትዬህ

ጥቅምት 6

ለተከበሩት እትዬ፣

ጤናዎ እንደ ብዕርዎ የሰላ ይሁን። ደብዳቤዎን የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ስስቅ ባልደረባዬ ገመዱ የተበጠሰ መስሎት ጮኸ።

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሐኪሙ በዚህ ወገብ ከሁለት ዓመት በላይ አትሠራም ብሎኛል። ስለ ቤቱ የምጨቀጭቅዎ ለዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ ስወጣ እውላለሁ፤ የምኖረው ምድር ቤት፣ መስኮቱ ላይ የሰው ጫማ ብቻ በሚታይ አንድ ክፍል ነው። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ ትንሽ ቤት ይገዛል። ኪራዩ ደግሞ ያበላኛል።

አንድ የሪል ስቴት ድርጅትም ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ኢንቨስተር» ብላ ጠራችኝ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ስለሌለ ግማሽ ሰዓት አወራኋት። እሷ እንደምትለው ትርፉ ያለው ተከራይ ያለበትን አሮጌ ቤት በርካሽ ገዝቶ፣ ባዶ አድርጎ፣ ጨምሮ ማከራየት ላይ ነው። ለመሆኑ ያ የሚሰፋው ቤት የት ደረሰ? መቶ በመቶን ይጠይቁልኝ።

ለምን እኔን አስቸገርከኝ እንዳይሉኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «እትዬን እዩ፣ ወንድ ሳያግዛት በአራሚ ደሞዝ የራሷን ቤት ገዛች» እያለች ነው ያሳደገችን። ከዘመድ አዝማዱ ቤት ገዝቶ የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

አክባሪ ልጅዎ ፊሽካ

ጥቅምት 29

ለልጄ ለፊሽካ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብህን ቀና፣ ልብህን ሞቅ አድርጎ ያግኘው። የኔን ልብ አትጠይቀኝ። በሃያ ቀን ሰባት ቤት አይቼ ጫማዬ ሶሉን ለቋል።

አንዱ «ፀጥ ያለ ሰፈር» ነበር። ጎረቤቱ እንጨት መሰንጠቂያ ነው። መጋዙ ሲነሳ መቶ በመቶ ጆሮዬ ላይ «እሁድ እሁድ ቢያዩት!» ብሎ ጮኸ። በሌላኛው ደግሞ ሳሎን ስንገባ የነበረው ዋጋ ወጥ ቤት ስንደርስ ጨምሮ ጠበቀን። ምነው? ብል፣ «ባለቤቱ ገዢው ውጭ አገር መሆኑን ሰማ» አለኝ። ከማን ሰማ? «ታዲያ ሰው አፍ የለውም እንዴ እማማ?»

አምስተኛው ቤት በር ላይ ሦስት ሌሎች ደላሎች ቆመው ጠበቁን። «ቤቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» «አንተ ገና ሳትሰማ እኔ አሳይቼዋለሁ!» ተባባሉ፤ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ያዘ። በጩኸቱ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «የምን ቤት ነው?» አለ። ለካ ለመሸጥ አስቦ አያውቅም። ስንመለስ መቶ በመቶ «ያስባል» ብሎ አጽናናኝ።

እናትህ ስለኔ ትል የነበረውን አነበብኩ። እናትህ የሰማችውን ሁሉ የምታምን ደግ ሴት ነበረች።

የሚሰፋውን ቤት አስታውሼዋለሁ። ከነገ ወዲያ ሊያሳየኝ ተቀጣጥረናል። ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ።

እትዬህ

ኅዳር 1
(ያልተላከ)

ፊሽካ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

መቶ በመቶ ከሻይ ቤቱ ወሰደኝ። ሁለት ታክሲ ተሳፈርን። ከዚያ በጋራዦቹ ጀርባ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ቦዩን በጣውላ ተሻግረን በእግር ሄድን። አርባ ደቂቃ። አንድ ግራጫ በር ጋ ሲደርስ ላቡን ጠርጎ «ደረስን» አለ።

በሩን አወቅኩት። በፊት ለፊት ቢመጣ ከሻይ ቤቱ ስድስት ደቂቃ ነው። ጠዋት ቆልፌው የወጣሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አንኳኳ። ዝም። ደግሞ አንኳኳ። «አሮጊቷ የለችም» አለ።

«የለችም» አልኩ።

«ቢሻል ነው። ክፉ ናት ይላሉ። ሰው አታስገባም።»

«አይተሃት ታውቃለህ?»

«መቶ በመቶ! ይህን ታህላለች» ብሎ እጁን ከራሱ በላይ አነሳ። እኔ ከትከሻው አልበልጥም።

ከዚያ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ጥንካሬውን ሊያሳየኝ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን በስንት መጽሐፍ ውስጥ እንዳረምኩት አላስታውስም፤ ሲነቀነቅ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ሁለት መኝታ አለው ሲለኝ «አንድ» አልኩት። እንዴት አወቁ? አለ። በመስኮቱ፣ አልኩት። አንድ ነገር ገረመኝ፦ መንገዱን ሙሉ እኔን «እማማ»፣ እሷን «አሮጊቷ» ይላል። ልዩነታችን እኔ ገዢ ይዤ መምጣቴ ነው።

ፊሽካ፣ እናንተ የኔ የምትሉት ቤት የኔ አይደለም። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለቤት ንብረት ነው። ተከራይቼው ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩበት። ዘመዱ ሁሉ «ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ነገ የት ልትወድቅ ነው» ሲለኝ ሰልችቶኝ አንድ ቀን ለእናትህ «ቤት ገዛሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ግማሽ መስመር አትሞላም። እናትህ ደስታዋን በሦስት ገጽ ላከችልኝ፣ ለሁሉም አዳረሰችው። ማረም እንጀራዬ ነበር፤ እሷን ግማሽ መስመር ግን ሳላርማት ቀረሁ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊሸጠው ማሰቡን አልነገረኝም። ኪራይ ልከፍል ስሄድ ብቻ ሦስት ወር ሙሉ የሳል ከረሜላ በነጻ ሰጥቶኛል። ሳል የለብኝም። አሁን ገባኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አትግዛው ልበልህ? ሌላ ሰው ይገዛውና ያስወጣኛል። ግዛውና ተወኝ ልበልህ? ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት እንደዋሸሁ አንተም፣ ዘመዱም

ኅዳር 3

ለልጄ ለፊሽካ፣

ሰላምና እፎይታ ይብዛልህ። የሚሰፋውን ቤት አየሁት።

አንድ መኝታ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ነው። ደላላው ሁለት መኝታ ይላል፤ አትስማው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ወደ ቀኝ ሁለቴ ካልተጠመዘዘ አይዘጋም። የመኝታ ቤቱ መስኮት በዝናብ ወራት ስለሚያብጥ ከፍ አድርጎ መሳብ ነው። ጣሪያው በአንዱ ጥግ ብቻ ያፈሳል፤ አንድ ባልዲ ይበቃዋል። ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም። ጠዋት ፀሐይ በሳሎኑ ገብታ እስከ ምሳ ሰዓት ትቆያለች። በአንድ ጉብኝት ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ ካልከኝ፣ አራሚ ነኝ።

ዋጋው ደህና ነው፤ ባለቤቱም ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ነው። ተከራይ አለችበት። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም ይባላል።

እትዬህ

ኅዳር 27

ለተከበሩት እትዬ፣

እድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ከሰባት ቤት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ቤት እውነቱን ሰማሁ። የምገዛው እሱን ነው። ሊፍት እንኳ ስመርጥ ጉድለቱ የታወቀውን ነው የምወደው።

የሪል ስቴቷን ልጅ አማከርኳት። «ባዶ ተደርጎ ነው የሚገዛው፣ ተከራይ ካለችበት እንዳትፈርም» ትላለች። ኪራዩን ካልጨመርኩ ለሁለታችን፣ ማለቴ ለኔና ለወገቤ፣ አይበቃም። ግን እትዬ፣ አሮጊቷ ከንክናኛለች። እኔም የሰው ቤት ነው የምኖረው፤ ባለቤቱ በር ባንኳኳ ቁጥር ሻንጣዬን አያለሁ። ለመቶ በመቶ ደውዬለት «ክፉ ናት፣ ቤቱን አትለቅም» አለኝ። እሱን አላምንም።

እባክዎ ራስዎ ያግኟትና ይጠይቋት። መሄጃ ከሌላት ይጻፉልኝ፤ ኪራዩን ሳልጨምር ትኑርበት፣ እኔ ሥራዬን እንደምንም አንድ ተጨማሪ ዓመት እገፋበታለሁ። መሄጃ ካላት ግን ትውጣልኝ። እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ ፊሽካ

ታኅሣሥ 20

ለልጄ ለፊሽካ፣

የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ደህና ነኝ፤ አንተም ደህና ሁንልኝ፣ የልብህን ቅንነት እግዜር በወገብህ ይክፈልህ።

ጠየቅኳት። ብቻዋን ሆና ነው ያገኘኋት። ጥያቄህን እንዳለ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ብዙ ስልህ ከሁለት ሳምንት በላይ ማለቴ ነው። የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

በመጨረሻ መለሰችልኝ፤ መሄጃ አላት። አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዋ፣ የኅትመት ፊደል ለቃሚ የነበረች፣ ጓሮዋ ውስጥ አንድ ክፍል አለቻት። በአንተ ወገብ ላይ አንድ ዓመት ጨምራ መኖር አትፈልግም። እንዲታዘንላትም አትወድም፤ ካዘንክላት ቅር ይላታል። ስለዚህ ግዛ።

መቶ በመቶ ግን አሮጊቷ በሰላም ትወጣለች ብለው አላመነም። «ለማንኛውም ውሃውን እንቁረጥባት» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያንን ውሃ እጠጣለሁ» አልኩት።

«የሰው ውሃ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ባለቤቱ ዋጋ እንዲቀንስ ስላግባባልን ኮሚሽኑን ከፍ እንዳደርግለት ለመነኝ። ባለቤቱ ደግሞ ዋጋው እንዳይቀንስ ስለተከራከረለት ኮሚሽን ቃል ገብቶለታል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይላሉ፤ ይሄኛው ሒሳብም ያስከፍላል።

እትዬህ

ጥር 15

ለተከበሩት እትዬ፣

እጅዎን ስሜ ልጀምር። ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ውክልናውም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ በስሜ ይፈርሙልኛል። ተከራይዋ እስከ የካቲት መጨረሻ ትልቀቅ። ልጅቷ «ቀኑን ካላከበረች በፖሊስ ነው» ትላለች። እርስዎ ግን ጨዋ ናት ብለውኛል።

ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እንጂ ደስ ብሎኛል። ትናንት ማታ ምድር ቤቴ ውስጥ ሆኜ የሳሎኔ ፀሐይ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ አሰብኩ። እናቴ ብትኖር! አሁን ከዘመዱ ባለ ቤት የሆንነው ሁለት ነን፤ እርስዎና እኔ።

አንድ የመጨረሻ ውለታ። አዲሱን ተከራይ እርስዎ ይምረጡልኝ። ልጆች የሚያተራምሱት ባይሆን ይመረጣል። ብቻዋን የምትኖር፣ ረጋ ያለች፣ ኪራይ የማታሳልፍ፣ ቤቱን እንደ ራሷ የምትይዝ። በአጭሩ እንደ እርስዎ ያለች።

ልጅዎ ፊሽካ

መጋቢት 4

ለልጄ ለፊሽካ፣

ለባለ ቤቱ ሰላምታ ይድረስ። እንኳን ደስ ያለህ። ግድግዳህ ይጽና፣ ጣሪያህ ከዚያች ጥግ በቀር አያፍስስ።

ውሉን የፈረምነው መዝጋቢዋ ቢሮ ነው። መቶ በመቶ ቀድሞ ደርሶ ከሁለቱ ወንበሮች መካከል ቆሞ ነበር። ባለ መድኃኒት ቤቱ ገባ፤ እኔን ሲያይ ደነገጠና እጁን ኪሱ ከቶ የሳል ከረሜላ ሰጠኝ። «እዚህ ድረስ ባይመጡም፣ እኔ ራሴ ልነግርዎ ነበር» አለ። ተቀበልኩትና በገዢው ወንበር ተቀመጥኩ።

መዝጋቢዋ «ሻጭና የገዢ ወኪል ትተዋወቃላችሁ?» አለች።

«ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው» አልኳት።

መቶ በመቶ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ እጁን ከራሱ በላይ አነሳና፣ ቀስ ብሎ እስከ ትከሻው አወረደው። «እማማ… አሮጊቷ… እርስዎ ነዎት?»

«መቶ በመቶ» አልኩት።

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ሳዞርዎት ምነው ዝም አሉ?»

«መንገዱን አላውቀውም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው፤ በቦዩ በኩል ሄጄ አላውቅም። እሱም ኮሚሽኑን ከሁለታችንም ተቀበለ።

ውሉን ከመፈረሜ በፊት አርሜዋለሁ። «በቤቱ የምትኖረው አንዲት አሮጊት ተከራይ ለቅቃ» ከሚለው ላይ «አሮጊት» የሚለውን ሰረዝኩት። ለውሉ የሚጨምረው ነገር የለም።

የመረጥከውን ዓይነት ተከራይ ፈለግሁ። እንደዚያ ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ አዲሱን ኪራይ ግን አትችልም። ስለዚህ አንድ የጥርስ ሐኪምና ሚስቱ ከሰኞ ጀምሮ ይገባሉ። ስለ ቧንቧው ነግሬአቸዋለሁ። መስኮቱን ራሳቸው ይወቁት። ወገብህ ለማረፍ የሚበቃውን ይከፍላሉ፤ አሁን ሥራህን ቀንስ፣ በውለታ የታሰርክ እንዳይመስልህ። የኅዳር አንድ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፤ አላለቀም፣ ግን አንብበው። ፖስታ ሣጥኔ ያው የድሮው ነው።

ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት፣ ዕቃው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ሜትሬን ይዤ ባዶውን ቤት ከግድግዳ ግድግዳ ለካሁት። አርባ ስምንት ካሬ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃዬን ላስገባ ስለካውም አርባ ስምንት ነበር።